ካርታ አለኝ ማለት ምን ማለት ነው? የባሕር ዳር መሬት፣ ፕላንና ገንዘብ

ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት ሰው ቡና ላይ ከተቀመጠ ወሬው ዞሮ ዞሮ መሬት ላይ ያርፋል። አንዱ ማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ይጠብቃል። የሌላው አጥር በኮሪደር ልማት ተነክቷል። ዘንዘልማ በኩል ደግሞ ወንድሙ የሚያርሰው መሬት ወደ ከተማ ተከልሏል። የሁሉም ጥያቄ መጨረሻው ግን ተመሳሳይ ነው፦ «ካርታ እያለኝ ማን ይነካኛል?»

አጭሩ መልስ፦ ካርታ የግድ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አያድንም። ከካርታው ሌላ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንዱ የከተማው ፕላን ነው፣ ሌላው የከተማው በጀት። ብዙዎቻችን ካርታችንን በላስቲክ ጠቅልለን ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ሁለቱን ግን አይተናቸው አናውቅም። የቦታው ዕጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው እነሱ ላይ ነው።

ቤቱ የእርስዎ፣ አፈሩ የመንግሥት

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህን አልቀየረውም። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረት የራሱ መሆኑ ተጽፏል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ መውሰድ ይችላል። «በቅድሚያ» የምትለዋን ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ስለዚህ ሰው «ቦታ ሸጥኩ» ሲል በሕግ ዓይን የሸጠው ቤቱንና ከቤቱ ጋር የሚሄደውን የመጠቀም መብት ነው። ባዶ መሬት በጓሮ በር ተሽጦ «ውል አለን» የሚባለው ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጠቀም መብቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነባር ይዞታ ነው፦ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ፣ በየዓመቱ የቦታ ኪራይ የሚከፈልበት። ሌላው ሊዝ ነው፦ ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የሚያዝ። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል። እንደ ባሕር ዳር ባሉ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ 70፣ ለኢንዱስትሪ 80 ዓመት ነው። ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ነባር ሆኖ ይቀጥላል። በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ ይገባል። ገዢዎች ይህን ሳያሰሉ በቤቱ ዋጋ ተስማምተው ስም ለማዛወር ሲሄዱ ነው የሚደነግጡት።

ሊዝ ገዝቶ አጥር ብቻ አጥሮ ዋጋ የሚጠብቅም አለ። አዋጁ ለእሱም መልስ አዘጋጅቷል። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ መብቱን ለሌላ ካስተላለፈ የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋ እና ከመሬቱ የመሸጫ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ባንክም የሊዝ መብትን በመያዣ የሚቀበለው በተከፈለው የሊዝ መጠን ልክ ነው። 10 በመቶ ቅድሚያ ብቻ ከፍሎ፣ ያልተከፈለውን 90 በመቶ ይዞ ብድር ፍለጋ መሮጥ ውጤት የለውም።

ካርታው ላይ የማይነበበው መስመር

እስቲ ካርታውን ከሳጥኑ እናውጣው። ስም አለ። ስፋት በካሬ ሜትር አለ። አዋሳኞች፣ የማዕዘኖች ልኬት፣ የይዞታው ዓይነት አለ። ማኅተም አለ። ሰው ስሙንና ስፋቱን አይቶ ያጥፈዋል። መታየት ያለበት ግን «የቦታው አገልግሎት» የሚለው መስመር ነው። «መኖሪያ» ይላል? «ንግድ»? «ቅይጥ»? መኖሪያ በሚል ካርታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ሰው ለዓመታት ማንም ሳይጠይቀው ሊሠራ ይችላል። ካሳ የሚገመት ቀን ግን የንግዱ ገቢ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ይህ መስመር የሚመጣው ከፕላኑ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላንን በሁለት ደረጃ ያስቀምጣል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ ያያል፦ ዋና መንገድ የት ይለፍ፣ የቱ ሰፈር መኖሪያ ይሁን፣ የቱ ንግድ፣ የቱ አረንጓዴ። ዕድሜው 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወርዶ አንድን ሰፈር በዝርዝር ይሠራል፦ የሕንፃ ከፍታ፣ ከመንገድ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደሚሠራ፣ የውስጥ መንገዶች።

ባሕር ዳር ለፕላን እንግዳ አይደለችም። ሰፋፊዎቹን መንገዶችና ዘንባባዎቹን ያየ ሰው በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጀርመን ባለሙያዎች ያዘጋጁትን ማስተር ፕላን አሻራ ያውቀዋል። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ከታሰበው በላይ ሰፋች፣ ፕላኑም ተደጋግሞ ተከለሰ። በእያንዳንዱ ክለሳ የአንዳንድ ሰው ቦታ በፕላኑ ላይ ያለው ቀለም፣ ማለትም አገልግሎቱ፣ ይቀየራል። ትናንት መኖሪያ የነበረው ዛሬ መንገድ ወይም ፓርክ ሆኖ ይገኛል። ቤቱ ላይ ያን ቀን ምንም አይደርስም። ቀይ ቀለም የቀባ ሰው አይመጣም። ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ነገሩ ግን ያኔውኑ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ምክንያቱም መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ውሳኔው የሚመሠረተው በጸደቀው ፕላን ላይ ነው።

ስለዚህ ለክርክር ጥሩው ጊዜ ፕላኑ ገና ረቂቅ ሳለ ነው። ሕጉ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። እውነቱን ለመናገር እነዚህ ስብሰባዎች አሰልቺ ናቸው። የፕላኑ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው፣ ሻይ ሲመጣ የቀረውም ይበተናል። ያን ዕለት ተነስቶ «የኛ ሰፈር በየትኛው ቀለም ነው የተሠራው?» ያለ ሰው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጠበቃ ቀጥሮ ከሚሟገተው የተሻለ ዕድል አለው። ኢንጂነሩ እርሳስ ይዞ እያለ ማናገር ይሻላል።

ሐይቁ ሲሸሽ የሚወጣው መሬት የማን ነው?

ሐይቅ ዳር ጉዳዩ ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም ድንበሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ይተኛል። ክረምቱ አልቆ መስከረም ላይ ይሞላል፣ ሰኔ ሲደርስ ይቀንሳል። ጨራጨራ ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራው ግድብ በኋላ የውሃው ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ ብቻ መሆኑ ቀረ። ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃም ይወስነዋል። 1995 ላይ ሐይቁ በጣም ወርዶ ዳር ዳሩ ሰፊ መሬት ወጥቶ ነበር፣ ደንገሉም ተጎዳ። ገበሬው ይህን መሬት ያውቀዋል፤ ባሕር ሸሽ ይለዋል፣ ውሃው ሲሸሽ እሱም እየተከተለ ይዘራበታል።

አሁን ጥያቄው፦ በበጋ የወጣ መሬት ላይ አጥር የሠራ ሰው ይዞታ አለው ወይ? የለውም። ውሃው ሲመለስ ከታች ያለው ሐይቅ ነው፣ ሐይቅ ደግሞ በካርታ አይሰጥም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ አካላት ዳርቻ ተከልሎ እዚያ ውስጥ ዛፍና ዕፅዋት መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ይፈቅዳል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ሌላ የአከላለል ቋንቋ መጥቷል፦ ዋና ቀጠና፣ ከለላ ቀጠና፣ የሽግግር ቀጠና። ዋናው ጥብቅ ነው፤ ከለላው ዋናውን ይጠብቃል፤ ሽግግሩ ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት ነው።

በሕዝብ አፍ «በፈር ዞን» የሚባለው፣ ሐይቁ ዳር ግንባታ የሚከለከልበት ክልል፣ እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የተጠራቀመ ነው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ርቀቱ ላይ ሳይሆን መነሻው ላይ ነው። ርቀቱ የሚለካው ከየት ነው? በሰኔ ውሃው ካለበት ወይስ በመስከረም ከደረሰበት? ዳርቻው ዘርጣጣ በሆነበት ቦታ ከፍታው ትንሽ ሲቀየር ውሃው ብዙ ርቀት ይሄዳል። አንድ መዝናኛ በሰኔ ልኬት ሕጋዊ ሆኖ በመስከረም ልኬት ሐይቅ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሐይቅ ዳር ቦታ ልግዛ፣ ልከራይ ወይም ላልማ የሚል ሰው ይህን ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቦ መልሱን በማኅተም መውሰድ አለበት። «ከበፈር ውጭ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ዳርቻው ለሁሉም ክፍት ሆኖ መቆየቱ ትክክል ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላት የሀብታም ብቻ ሲሆን ከተማዋ ከተማነቷ ይጎድላል። ግን ሕጉ ደረቱን የሚነፋው ደንገል በሚቆርጠውና በአሳ አጥማጁ ላይ ብቻ ሆኖ፣ ፎቅ ሲሠራ ዓይኑን የሚጨፍን ከሆነ «አረንጓዴ» የሚለው ቀለም ማስመሰያ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ፕላን ወረቀት ነው። መንገዱን፣ ቦዩን፣ መብራቱን የሚሠራው ብር ነው። ከተማ አስተዳደር ብር የሚያገኘው ከቦታ ኪራይና ከቤት ግብር፣ ከአገልግሎት ክፍያ፣ ከክልሉ ድጎማ፣ ለከተሞች መሠረተ ልማት ከሚመጣ የዓለም ባንክ ድጋፍና ከሊዝ ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ግብር አዋጅም ጸድቋል። ከዚህ ሁሉ ግን በመሬት ውሳኔ ላይ ትልቁን ጥላ የሚጥለው ሊዝ ነው።

እንዴት እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ አይደሉም፣ ለሒሳቡ እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። በከተማዋ ዳርቻ አንድ ገበሬ አንድ ቃዳ መሬት አለው እንበል፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር። ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለው የዓመት ገቢው 60,000 ብር ነው። የካሳ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ሳይሰጠው በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ የዚህን ገቢ 15 እጥፍ ያዛል። 900,000 ብር። በካሬ ሲሰላ 360 ብር።

ከተማው መሬቱን ይሸነሽናል። 1,000 ካሬው ለመንገድና ለአረንጓዴ ይሄዳል። 1,500 ካሬ ለጨረታ ይቀርባል። በካሬ 10,000 ብር ወጣ እንበል። 15 ሚሊዮን ብር። በ360 የተገመተ መሬት በ10,000 ተሸጠ ማለት ነው። ገበሬው «ተዘረፍኩ» ሲል የሚያየው ይህንን ነው። የካሳው ስሌት የሚቆጥረው ምርትን ነው፣ የጨረታው ዋጋ የሚቆጥረው ፕላኑ በቦታው ላይ የፈቀደውን ነው። መሬቱ ያው ነው። የተቀየረው ቀለሙ ነው።

የከተማውን ወገንም ደግሞ እንስማ። 15 ሚሊዮኑ በአንድ ቀን አይገባም። የቅድሚያ ክፍያው ቢያንስ 10 በመቶ ነው፣ በምሳሌያችን 1.5 ሚሊዮን። ቀሪው ለረጅም ዓመታት በየዓመቱ ይንጠባጠባል። መንገዱ፣ ውሃው፣ መብራቱ ግን አሁን ነው የሚፈለገው። ካሳው 900,000 ሲወጣለት በእጁ 600,000 ይቀረዋል፤ በዚህ ገንዘብ ሰፈር አይሠራም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ሌላ መሬት ያዘጋጃል፣ ሌላ ጨረታ ያወጣል፣ በዚያኛው ቅድሚያ ክፍያ የዚህኛውን መንገድ ይሠራል። የእቁብ ዓይነት ነገር ነው፣ ዕጣው ሲቆም ግን ማን እንደሚከፍል አይታወቅም።

አንድ ቦታ «ለንግድ» ተብሎ ሲቀየር እንግዲህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የገቢ ጉዳይም ነው። መኖሪያ ሰፈር መካከል ያለች ቁራጭ መሬት ወደ ቅይጥ አገልግሎት ስትዞር የጨረታ ዋጋዋ ያብጣል። ፕላን የሚያወጣውና ከመሬት ገቢ የሚጠብቀው አንድ አስተዳደር ሲሆን፣ ቀለም ሲቀይር እጁን ማን ይይዘዋል? በሕጉ መልሱ ምክር ቤትና የሕዝብ ውይይት ነው። በተግባር ደግሞ ያ ግማሹ ባዶ የነበረው አዳራሽ።

በ2016 ዓ.ም. የካሳ አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1336 ሲሻሻል ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨመረ። ለፌዴራል ፕሮጀክት ለሚነሳ ሰው ሳይቀር ካሳውን የሚሸፍኑት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች እንዲሆኑ ተደረገ። «በቅድሚያ» የምትለዋ የሕገ መንግሥት ቃል ኪሷ ባዶ የሆነ ከተማ ላይ ስታርፍ ምን እንደሚፈጠር መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ለልማት ይነሳል የተባለ ሰፈር ነዋሪ የመጀመሪያ ጥያቄው «ካሳው በዘንድሮ በጀት ተይዟል?» መሆን አለበት።

ተነሱ ከተባለ

መልሶ ማልማት ማለት የግድ ማፍረስ አይደለም። ያለውን ሰፈር መንገዱንና ፍሳሹን እያሻሻሉ ማቆየትም፣ ይዞታዎችን እንደገና መደልደልም በዚሁ ስም ይጠራል። ማፍረስ ከመጣ ግን አዋጅ 1161 ውስጥ ጥቂት ሰው የሚጠይቃቸው መብቶች አሉ።

አንደኛው የማልማት ቅድሚያ ነው። ለመልሶ ማልማት በተከለለ ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም ተደራጅተው ራሳቸው ማልማት እንችላለን ማለት ይችላሉ። ፕላኑ አራት ፎቅ ካለ አራት ፎቅ መሥራት አለባችሁ፣ ቀልድ የለም። ግን አምስት ጎረቤታሞች ቦታቸውን አዋህደው ባንክ ወይም ባለሀብት ይዘው ቢቀርቡ ከሰፈራቸው ሳይነቀሉ የሚቀሩበት መንገድ ነው። ይህን መብት የሚጠቀም ሰው ጥቂት የሆነው፣ ብዙው ሰው የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። አስተዳደሩ ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ማወያየት አለበት፤ አጣዳፊ ሲሆን ሊያጥር ይችላል። ሦስተኛው የካሳው ይዘት ነው። ቤቱ ዛሬ ባለ የዕቃና የጉልበት ዋጋ እንደ አዲስ ለመሥራት በሚያስፈልገው ይገመታል። ምትክ ቦታ ወይም ቤት አለ፣ የመፈናቀያ ካሳ አለ። የሥራና የገቢ መቋረጥ ይታያል። ዕድርና ጎረቤት ማጣትም በሕጉ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ ተብሎ ስም አግኝቷል። ግምት ኮሚቴው ሲመጣ ጉድጓዱን፣ የአጥሩን ድንጋይ፣ የማንጎውንና የአቮካዶውን ዛፍ፣ ሴራሚኩን አንድ በአንድ እንዲጽፍ አብራችሁ ዙሩ። ፎቶ አንሱ። ፊርማችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ዝርዝሩን ቅጂ ውሰዱ።

ኮሪደር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነካው ሙሉ ቤት አይደለም፤ አጥር፣ በረንዳ፣ ፊት ለፊት ያለች ሱቅ ነው። እዚህ ላይ የሚረሳው የቀረው ቁራጭ ነው። ሱቋ ከሄደች በኋላ የቀረው ቦታ በፕላኑ ለሚፈለገው ግንባታ ይበቃል ወይ? ይህም በጽሑፍ ይጠየቅ።

ወረቀት የሌለው ሰው ነገር ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ሰነድ አልባ ይዞታ ከፕላኑ ጋር ካልተጋጨ ሥርዓት የሚይዝበት መንገድ በሊዝ አዋጁ ተቀምጦ ነበር፤ ጨረቃ ቤት ግን ካሳ የለውም። የቀበሌ ቤት ተከራይም ለቤቱ ካሳ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ምትክ መኖሪያ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የነገደ ወይጦ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከተማ ሳትሆን ጀምሮ ሐይቁ ዳር የኖሩ፣ ታንኳ የሚሠሩ፣ ደንገል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ካርታ የሚባል ነገር ሲመጣ ግን ብዙዎቹ በእጃቸው ምንም አልነበረም። ሕጉ ወረቀት ሲጠይቅ የእነሱ ማስረጃ ሐይቁ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ማኅተም የለውም። ዳርቻው ለልማት በተፈለገ ቁጥር ቀድመው የሚነሱት እነሱ መሆናቸው የዕጣ ጉዳይ አይደለም።

ቅሬታ ያለው ሰው የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰው ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው። መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ አካል፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነው ተራው። ቀኑ የሚቆጠረው ወረቀቱ እጅዎ ከገባበት ነውና የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። አቤቱታውን ለኃላፊው በቃል ነግሮ «እናየዋለን» ተብሎ መመለስ ቅሬታ ማቅረብ አይባልም። መዝገብ ቤት ይግቡ፣ ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱን ያስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትተው ይዘው ይውጡ። መዝገብ ቤቷ ልጅ «ነገ ይምጡ» ካለች እዚያው ይጠብቁ።